በሦስተኛዋ ማርያም

ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፎ መዘዞን ያለፈ መንገደኛ ከዚያ ወዲያ ብርዱን እንጂ ሰዓቱን አይቆጥርም። የካቲት 2011 ዓ.ም ነበር፤ መንገዱ ሰላም፣ ገብሱ ተወቅቶ ጭዱ በየአውድማው ዳር የተከመረበት ወቅት። መንዝ ከሩቅ ራቁቱን የቆመ አገር ይመስላል። ሲቀርቡት ግን ጣራቸው በጓሳ ሣር የተከደነ የድንጋይ ቤቶች፣ ባና የደረቡ እረኞች፣ ከ3,200 ሜትር በላይ የተንጣለለው የጓሳ ሜዳ፣ በአስታው መሐል ብቅ ብቅ ያለው ጅብራ እየተቀባበሉ ዓይን ይማርካሉ። የሄድኩት ጭላዳ ለማየት ነበር። አየኋቸው፤ ሣር ሲነጩ ውለው ማታ ወደ ገደላቸው ሲወርዱም ተከተልኳቸው። ስለ እነሱ ብዙ ተጽፏል። የእኔ ልብ የቀረው ሁለት ክፍል ባላት አንዲት ጤና ኬላ ነው። ሴቶቹ እንዳይታወቁ ቀበሌዋን አልጠራም።

ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያገኘኋት መኪና ውስጥ ነው። ከጤና ጣቢያ የተረከበችውን ካርቶን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ረዳቱ ጣራ ላይ ልስቀለው ሲላት፣ «ይኼ ጣራ ላይ አይወጣም» ብላ አቀፈችው። ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ዴፖ ነው፤ የሦስት ወር መርፌ። ነገ ማርያም አይደለች? ሴቱ ይመጣል።»

መርፌውንና ማርያምን ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም። ስጠይቃት ሳቀች፤ «ነይና እያቸው፣ እነሱ ከፈቀዱልሽ» አለችኝ።

በነጋታው ሐሙስ፣ የካቲት 21። ቅበላ ሦስት ቀን ስለቀረው በየቤቱ በግ ይታረዳል፣ ጠላ ይጠመቃል። ነጠላቸውን አጣፍተው የወጡ ሴቶች ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው ሲመለሱ በጤና ኬላዋ በኩል ያልፋሉ። አብዛኞቹ አለፉ። አንዳንዷ ግን ጓደኞቿን «ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ» ትልና ጎንበስ ብላ ትገባለች። የመጀመሪያዋ ሳትቀመጥ፣ «ከጽዮን ወዲህ ሦስተኛዋ ማርያም ናት» አለች። ሠራተኛዋ መዝገቡን ገለጠች። ሕዳር 21 ተጽፏል።

ነገሩ ያኔ በራልኝ። ሐኪሞቹ ቀጠሮውን በሳምንት ያሰሉታል፤ 13 ሳምንት፣ 91 ቀን። የእኛ ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆነ ከሕዳር ጽዮን እስከ የካቲት ማርያም ልክ 90 ቀን ነው። የታኅሣሥ ማርያም አንድ፣ የጥሯ አስተርእዮ ሁለት፣ የየካቲቷ ሦስት። ሚካኤልን የምትዘክረው በሚካኤል፣ ጊዮርጊስን የምትዘክረው በጊዮርጊስ ትይዛለች። ማንበብ የማትችለዋ ሴት የቀጠሮ ካርድ አያሻትም፤ ካርዱን ደግሞ ባል ሊያገኘው ይችላል። በማርያም ቀን ከቤት መውጣትን ግን ማንም «ወዴት?» ብሎ አይጠይቅም። አዲስ አበባ ሆኜ ስለ ቀጠሮ ማስታወሻ የስልክ መልእክት የሰማሁት ሁሉ ትዝ ብሎኝ በልቤ ፈገግ አልኩ።

«ጳጉሜንስ?» አልኳት ለመፈተን።

«ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ዘንድሮ ስድስት ቀን ትጨምራለች» አለች ሳታቅማማ። «ብትጨምርስ? ሁለት ሳምንት ቀድማ ብትመጣ እሰጣታለሁ። እስከ አራት ሳምንት ብትዘገይም እሰጣታለሁ። ከዚያ ካለፈች ነው እርግዝና አለመኖሩን አጣርቼ እንደ አዲስ የምጀምርላት።»

እጇን ማየት ደስ ይል ነበር። ብልቃጧ ትንሽ ናት፤ አንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ 150 ሚሊ ግራም መድኃኒት። ነጩ መድኃኒት ታች ስለሚዘቅጥ ሳትቀዳው በፊት ደህና አድርጋ ታናውጠዋለች። ከዚያ በፊት ጥያቄው አለ፦ ከወለድሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ታጠቢያለሽ? አበባሽ መቼ መጣ? ደም ብዛት ትለካለች፣ ትጽፋለች። መርፌው ክንድ ላይ፣ ትከሻው ሥር ይገባል። «አትሺው» ትላለች ሁሌም፤ ከታሸ መድኃኒቱ ቶሎ ተሰራጭቶ ቶሎ ያልቃል። ስሪንጁ አንዴ ከተገፋ ራሱን ስለሚቆልፍ ዳግመኛ አይሠራም፤ ክዳን ሳይደረግለት በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ወደሚሏት የካርቶን ሳጥን ይወረወራል። ይህ ሁሉ ቡና አንድ ጊዜ እስኪፈላ እንኳ አይፈጅም። እያንዳንዷን ሴት ስትሸኝ ከኤች.አይ.ቪ. እንደማይከላከል አንድ ጊዜ ትናገራለች፤ ሴቶቹም «እናውቃለን» ይሏታል።

ተወልዳ ያደገችው እዚያው ቀበሌ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አንድ ዓመት ሠልጥና ተመለሰች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተዘረጋው በዚህ ሐሳብ ነው፦ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ ከዚያው ከአካባቢው የተመለመሉ፣ የመንግሥት ደመወዝተኞች። መርፌው ራሱ ያኔ አዲስ አልነበረም፤ ከተማ ላለች ሴት ከድሮ ጀምሮ ነበረ። አዲሱ ነገር የሄደበት መንገድ ነው። የእሷ እናት ዘመን ዴፖ የፈለገች ሴት ግማሽ ቀን በእግሯ ትሄዳለች፣ ስትመለስም የት እንደዋለች ለመላው መንደር ታስረዳለች። ስለዚህ ብዙዎቹ አልሄዱም። ኋላ የመጣውን ለውጥ ብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መዝግቦታል፦ በ1992 ዓ.ም ከመቶ ባለ ትዳር ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት 6 ብቻ ነበሩ፤ እኔ ጤና ኬላዋ ውስጥ በተቀመጥኩበት በ2011 ዓ.ም 41 ደርሰዋል፤ ከእነዚህ 27ቱ የመረጡት መርፌን ነው። ሪፖርት ጸሐፊዎች «ተጠቃሚ» እያሉ ይደምሯቸዋል። ቃሉን አልወደውም፤ ነጠላዋን ገልጣ ክንዷን የምትሰጠዋን ሴት አያሳይም።

ሐኪም ያልሆነ ሰው መርፌ ይያዝ አይያዝ የሚለው ክርክር በሌላ አገርም ረጅም ጊዜ ወስዷል። ባንግላዴሽ ውስጥ ማትላብ በተባለ አካባቢ የመንደር ሴቶች በየቤቱ እየዞሩ መርፌውን መስጠት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ኡጋንዳና ማዳጋስካር ከብዙ ዓመት በኋላ ተከተሉ። እኛም ዘንድ ትግራይ ውስጥ ደመወዝ የሌላቸው የመንደር በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው ሰጥተዋል፤ ሥራቸው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተነጻጽሮ ሲጠና በደኅንነት ያላነሱ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጄኔቫ የተሰበሰቡ ባለሙያዎችም በሚገባ የሠለጠነ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ በደኅና ሊሰጥ ይችላል ሲሉ ተስማሙ። ከማትላብ እስከ ጄኔቫ ሠላሳ ሁለት ዓመት። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተጠየቀው «ትችላለች ወይ?» ነው። የመንዟን ልጅ አንድ ጠዋት ላየ ሰው ጥያቄው ግራ ያጋባል።

ረፋድ ላይ አንዲት ሙሽራ ገባች። ጥር ላይ የተዳረች ናት፤ የእጇ እንሶስላ ገና አልለቀቀም። ለአንድ ዓመት ያህል መቆየት ትፈልጋለች። ሠራተኛዋ መርፌውን ወዲያው አላነሳችም። «ስሚኝ እህቴ» አለቻት፤ «መርፌው ካቆምሽው በኋላ ቶሎ አይለቅም። ከመጨረሻው መርፌ እስክታረግዢ አሥር ወር ያህል ሊቆይ ይችላል፤ አንዳንዷ ከዚያም ይበልጣል። ቶሎ መውለድ የምትፈልጊ ከሆነ ክኒን አለ። በክንድ የሚቀበረውም አለ፤ የፈለግሽ ቀን ይወጣል።»

ያን ጊዜ ነው የታወቀው ወሬ ከየት እንደሚመጣ የገባኝ። «መርፌ ያመክናል» ይባላል። ሴቲቱ መርፌውን ትታ ስድስት፣ ስምንት ወር ትጠብቃለች፤ አልሆነም። ጎረቤት አፉን ይከፍታል። በአሥራ አንደኛው ወር ብታረግዝ ግን ወሬውን መልሶ የሚሰበስበው የለም።

ሙሽራዋ አሰበች። «ክኒኑን አማቴ ታገኘዋለች» አለች። ቀጥላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የክንዱን እሱ ይዳስሰዋል።»

ከዚህ በላይ መርፌ ለምን እንደተመረጠ ያስረዳኝ የለም። ምልክት የለውም፤ ትራስ ሥር አይደበቅም፣ ቆዳ ሥር አይዳሰስም። ሙሽራዋ መርፌውን ወሰደች፤ አውቃ፣ ተነግሯት። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህን ያህል የወደድኩት ነገር ግማሹ በመደበቅ ላይ የቆመ ነው። ባልና ሚስት ተቀምጠው ቢነጋገሩ ኖሮ በስንቷ ቤት የክንዱ ይመረጥ ነበር? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ2001 ዓ.ም ወዲህ በክንድ የሚቀበረውንም ይሰጣሉ፤ እጥረቱ የባለሙያ አይደለም።

ሌላዋ አበባዋ ከቀረ ስድስት ወሯ ነው። «ደሙ የት እየሄደ ነው? ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ?» ብላ ተጨንቃለች። ሠራተኛዋ አላፌዘችባትም። መድኃኒቱ የማኅፀኑን የውስጥ ሽፋን ስለሚያሳሳው የሚፈሰው ደም እንደማይመረት፣ የሚጠራቀምም ነገር እንደሌለ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ እየሣለች አስረዳቻት። «ድሮስ ደም አንሶኝ አልነበር? ይቅርልኛ!» ብላ ሳቀች ሴቲቱ። ቀጥላ ለገባችው ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል፤ በየሳምንቱ ጠብ ጠብ ይልባታል፣ ማስቀደስም አልቻለችም። ይህን በወጉ የሚረዳት ከዚያው መንደር የወጣች ሴት ብቻ ናት። ከተማ ያደገ ሐኪም ደሙን ያያል፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መቅረቷን አያይም። ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ወረቀት ጻፈችላት፣ አብሯት የሚሄድ ሰው መኖሩንም ጠየቀቻት።

ለምሳ አንዲት አሮጊት ቤት ተጠራን። ኩበት ይጨሳል፣ ዱለት ቀረበ፣ ጠላው ቅዝቃዜውን ረታ። እማማ ዘጠኝ ወልደው የቀበሩትን ቁጥር አልነገሩኝም። ስለ መርፌው ምን እንደሚሉ ስጠይቃቸው በበሩ በኩል ወደ ሜዳው አገጫቸውን ቀሰሩ።

«ጓሳውን አባቶቻችን ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ እስኪጠና። ተዘግቶ ሳለ ከብት ያስገባ ይቀጣል። የሴት ሆድ ከሣር ያንሳል?»

ታሪኩ እውነት ነው። አስቦና ጌራ ከተባሉት ቀደምት አባቶች ጋር የሚያያዘው የጓሳ አጠባበቅ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየተዘጋና እየተከፈተ ኖሮ፣ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው የፈረሰው፤ ዛሬ ደግሞ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ይጠብቀዋል። እናት ከወለደች በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳታረግዝ እንድትቆይ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። እማማ ይህን አልሰሙም። ሠራተኛዋ በአንድ ዓመት ሥልጠናዋ እንዲህ ያለ ምሳሌ እንዳላስተማሯት፣ አሁን ግን በየቤቱ ይዛው እንደምትዞር ነገረችኝ።

ችግሩን አልሸሸገችኝም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው እስከ ሚያዝያ ያደርሳታል፤ ከዚያ ወዲያ ሲላክ ነው። አንዴ አልቆባት በማርያም ቀን የመጡትን ባዶ እጃቸውን ሸኝታለች፤ ከእነሱ ሁለቱ ጥቅምት ላይ ወልደዋል። ባልደረባዋ ወሊድ ላይ ስለሆነች ክትባቱም፣ ሪፖርቱም፣ ስብሰባውም የእሷ ነው። በተለይ ስብሰባው ያናድዳታል፤ በገበያ ቀንና በበዓል ቀን ሲጠሯት ጤና ኬላዋ ይዘጋል፣ ያን ቀን አመሃኝታ የወጣችው ሴት ሌላ ሰበብ እስክታገኝ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ስብሰባ የሚጠራው ሰው የወሩን በዓላት ቢቆጥር ምን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ያልመጡትን ልታይ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። የአንደኛዋ ቤት አትሄድም፤ ባሏ ውሎው ከቤት ስለሆነ ቡና የሚጠራሩባት ጎረቤት ጋ ትጠብቃታለች። መንገድ ላይ በግ የሚነዳ ጎልማሳ አገኘን። ጠዋት ክንዳቸውን ከሰጡት የአንዷ ባል እንደሆነ ያወቅኩት ኋላ ነው። በወጉ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ በእኔ የከተማ አለባበስ ሥራችንን ገመተ መሰለኝ፣ ሳንጠይቀው ጀመረ።

«እናንተ ሰዎች ልጅ ቀንሱ ትላላችሁ አሉ። ልጅ በእድሉ ያድጋል!»

«ያድጋል ጋሼ» አለችው ሠራተኛዋ። «የመጸዳጃ ቤትዎ ክዳን ግን በእድሉ አልተሠራም። ዝንቡ ከዚያ ተነሥቶ እንጀራው ላይ ነው የሚያርፈው።»

«ነገ እሠራዋለሁ።»

«ባለፈውም ነገ ብለውኝ ነበር» አለች፣ ደብተሯንም አውጥታ እፊቱ ጻፈችበት።