ነጭ ሽንኩርት ለሚልጥ እጅ የጥፍር ቀለም

የጥፍር ቀለም ስንት ቀን ይቆያል ብላችሁ ከምትጠይቁኝ፣ ስንት ራስ ነጭ ሽንኩርት ይችላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ይሻላል። እዚህ ደብረ ታቦር ቅዳሜ ማታ ተቀብታ ያደረች ልጅ እሑድ ወጥ ሠርታ፣ ቡና አፍልታ፣ ሰኞ ልብስ ካጠበች፣ ማክሰኞ ቢሮ ገብታ ስትፈርም አውራ ጣቷን ትደብቃለች። ቲክቶክ ላይ «ሁለት ሳምንት ቆየልኝ» የሚሉት ልጆች አልዋሹም። የእነሱ እጅ ግን ሊጥ አያቦካም፣ አሻሮም አያምስም።

ወደ ምክሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። «ጥፍሯን የምትቀባ ሴት ሥራ አትወድም» የሚለው ወሬ ሰልችቶኛል። ጎሕ ሲቀድ ተነስታ በእንጨት እሳት እንጀራ የምትጋግር፣ ጥፍሯ ግን እንደ ቼሪ የቀላ ሴት በየሰፈሩ አለች። ሥራ ስለሚበዛባት ነው እንዲያውም ቀለሙ የማይበረክትላት። ሥራ የማትወድ ብትሆንማ ይሄን ጽሑፍ ማንበብ ባላስፈለጋት።

ጥፍር ጠንካራ ይመስላል እንጂ ውኃ ይጠጣል። እንደ ፀጉራችን ከኬራቲን የተሠራ፣ ስስ ስስ ሆኖ የተነባበረ ነገር ነው። ልብስ ስናጥብ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል፣ በመጠኑም ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። ላዩ ላይ የደረቀው ቀለም ከጥፍሩ እኩል መሳብና መሰብሰብ አይችልም። መጀመሪያ ጫፉ ላይ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ትወጣለች፣ በእሷ በኩል ውኃ ይገባል፣ የቀረውን ነጭ ሽንኩርቱ ይጨርሰዋል።

ነጭ ሽንኩርት ስትልጡ እጃችሁን ልብ ብላችሁ እዩት። የአውራ ጣት ጥፍር በፍሬዋ ቂጥ በኩል ከልጣጩ ሥር ይገባና ወደ ላይ ይፈነቅላል፤ ሌባ ጣት ከላይ ተቀብላ ትጎትታለች። ልጣጩን የሚያነሳው ጉልበት ቀለሙንም ያነሳዋል። ቀድመው የሚላጡት ሁልጊዜ የቀኝ አውራ ጣትና ሌባ ጣት የሆኑት ለዚህ ነው፤ የትንሿ ጣት ቀለም ግን ሳምንት አልፎትም እንደ አዲስ ያበራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፍሬውን አስቀድማችሁ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ወይም በቢላ ጎን ጫን አድርጋችሁ ሰንጥቁት፤ ልጣጩ ራሱ ይለቃል። ድንችም ቢሆን (የእኛ የፋርጣ ሰው ድንች ሳይልጥ አይውልም) በቢላ ነው እንጂ የተቀቀለውን በጥፍር እየፋቁ አይደለም።

አሁን ወደ አቀባቡ። ውበት ሳሎን ስትሄዱ መጀመሪያ እጃችሁን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ያስገቡላችኋል። ደስ ይላል፣ ቆዳውም ይለሰልሳል፤ ቀለሙ ግን ውኃ የጠጣ ጥፍር ላይ ያርፋል፣ ጥፍሩ ደርቆ ሲሰበሰብ ቀለሙ ቦታውን ይለቃል። ቤት ውስጥ ስትቀቡ መታጠቡንና መሞረዱን ቀድማችሁ ጨርሱት፣ ጥፍሩ በደንብ ይድረቅ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ጥፍር አስቶን በነካ ጥጥ ጥረጉት። በዚች ነገር አትስነፉ። ጠዋት ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች፣ ማታም እጇን በቫዝሊን ያሸች ልጅ ጥፍር ላይ ቅባት አለ፤ ቅባት ላይ ደግሞ ምንም ቀለም አይይዝም። በጥፍሩ ዙሪያ ያለውን ቆዳ አትቁረጡት። በሽታ እንዳይገባ የሚዘጋው እሱ ነው። ለስለስ ሲል በቀስታ ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ይበቃል።

ከዚያ ከሥር የሚገባው ቤዝ ኮት፣ ሁለት ጊዜ ስስ ቀለም፣ በመጨረሻ ከላይ የሚሸፍነው ቶፕ ኮት። አንድ ጊዜ አወፍሬ ልገላገል ያለች አትገላገልም፤ ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ሥሩ ግን እርጥብ ሆኖ ይቀርና በማግስቱ እንደ ላስቲክ ተገሽልጦ ይነሳል። ብዙ ሰው የሚረሳው የጥፍሩን ጫፍ ነው። ብሩሹን በጥፍሩ አፍ ላይ፣ ማለት በሚቆረጠው ስስ ጠርዝ ላይ፣ አንዴ ሳብ አድርጉት፤ ቤዝ ኮቱንም ቀለሙንም ቶፕ ኮቱንም። ውኃው የሚገባበትን በር ዘጋችሁ ማለት ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይችን ውሰዱ።

ብርዱንም አትርሱት። ከተማችን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከ4,100 ሜትር በላይ ከሚረዝመው ጉና የሚመጣው የኅዳርና የታኅሣሥ ንፋስ ኩቴክሱን ጠርሙሱ ውስጥ ያወፍረዋል፤ ከተቀባ በኋላም ቶሎ አይደርቅም። ጠርሙሱን በመዳፋችሁ መሀል አድርጋችሁ እያንከባለላችሁ አሙቁት። አትናጡት፣ አረፋ ይይዛል። እሳት ላይ ማሞቅማ የሚታሰብ አይደለም! የጥፍር ቀለምም አስቶንም እሳት ወዳጅ ናቸው፤ ትነታቸው ሳይቀር ይቀጣጠላል። ረከቦቱ ቀርቦ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ አንዷ ጥግ ይዛ አስቶን የምትከፍትበትን ቤት ሳይ ነፍሴ ትወጣለች። ቡናው ይጠጣ፣ ከሰሉ ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት፣ ከዚያ ተቀቡ።

ደረቀ ብላችሁ ደግሞ ወዲያው አትተኙ። በጣት ሲነኩት የማይለጠፍ ቀለም ውስጡ ለመጠንከር ሰዓታት ይፈልጋል። ጋቢ ተከናንባ የተኛች ልጅ ጠዋት የጋቢውን ሽመና ጥፍሯ ላይ ታትሞ ታገኘዋለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ስስ ቶፕ ኮት ጨምሩበት። ጫፉ ትንሽ ከተላጠ አትጎትቱት፣ በሞረድ አስተካክላችሁ በዚያው ቀለም ንኩት። ጥፍር አጠር ይበል፤ የረዘመ ጥፍር በሁሉም ነገር ይጋጫል፣ ሊጥም ይሰበስባል። አልጫ የምታዘወትሩ ከሆነ ከነጭና ከፈዛዛ ቀለም ራቁ፤ እርድ አይምርም፣ በርበሬም እንዲሁ። ለኩሽና የሚስማማው ከጥፍር የተፈጥሮ መልክ ጋር የሚቀራረብ ቀለም ነው፤ ቢላጥ እንኳ ከሩቅ አያሳጣም። ቀዩን ለሰርግና ለበዓል አቆዩት።

ጓንትስ? ለበረኪናና ለኦሞ አዎ፣ ያውም ለጥፍሩ ብቻ ሳይሆን ለቆዳውም። ችግሩ ጓንት አድርጋ ዕቃ የምታጥብ ምራት «ተጸየፈችን» መባሏ ነው። ይሄን አማት ፊት እንዴት እንደምትፈቱት እኔ አላውቅም፤ ለሊጥ ግን አያስፈልግም፣ እጅን ታጥቦ ማቡካት ነው።

ጄል የሚቀቡ እህቶቻችንም በዝተዋል። በማድረቂያ መብራት የሚጠነክር ነገር ስለሆነ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ በሚገባ ከተሠራ። «በመብራት» ስል ግን መብራት ካለ ነው፤ መሀል ላይ ከጠፋ ግማሹ ያልበሰለ ጄል ጣታችሁ ላይ ይቀራል፣ ያልበሰለ ጄል ቆዳ ሲነካ ደግሞ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። አንዴ ከመጣ አይለቅም። የአውሮፓ ኅብረት በብዙ ጄሎች ውስጥ የነበረውን ቲፒኦ የተባለ ኬሚካል ከመስከረም 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ ከልክሎታል፤ ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሲያልቅም አትላጡት፤ የጥፍሩን ንብርብር ይዞ ይነሳል። አስቶን የነካ ጥጥ ጠቅልላችሁበት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። የጤና ተማሪዎችና ነርሶች ደግሞ አርቴፊሻል ጥፍርን ተዉት፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ ታካሚ የሚነካ ሰው አርቴፊሻል ጥፍር እንዳያደርግ፣ የራሱንም ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እንዳያስረዝም ይመክራል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አያቴ ታየኝና «ቅብ ምን ሊበረክት» ትላለች። የእሷ ዘመን ነገር ጉርሽጥ ነው፤ ሌላው አገር እንሶስላ የሚለው። በደጋ ጓሮ፣ ጥላና እርጥበት ባለበት ጥግ ትተከላለች። ክረምት ሲገባ ግንዷ ይወጣል፣ ሲቀናት የሰው ቁመት ታህላለች፤ አበባዋ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ነው፣ ሲመሽም ይሸታል። በበጋ ከላይ ደርቃ ትጠፋለች፣ ሥሯ ግን መሬት ውስጥ ይቆያል። የሚፈለገውም እሱ ነው። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ሀገራችን ዕፅዋት ባዘጋጀው መጽሐፍ መዝግቧታል፤ እናቶቻችን ግን እሱን አልጠበቁም።

ሥሩ ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ ይወቀጣል። እርጥብ እንዳለ መዳፍ ላይ፣ ጥፍር ላይ፣ ውስጥ እግር ላይ ይደረግና በቅጠልና በጨርቅ ይታሰራል፤ ዛሬ ዛሬ በፌስታልም ያስሩታል። ሲነጋ ይፈታል። ደጋግማ ያሰረች እጇ ከቀይ ወደ ጥቁር ይጠጋል። ኩቴክስ ላዩ ላይ የሚቀመጥ ሽፋን ነው፤ ጉርሽጥ ግን፣ እንደ ሂናው፣ ራሱን ጥፍሩን ነው የሚያቀልመው። የሂናው ቀለም ሎውሶን ይባላል፣ ከኬራቲን ጋር ይጣበቃል፤ የሚላጥ ነገር የለውም። ቆዳ ስለሚታደስ መዳፍ ላይ ያለው በሳምንት በሁለት ሳምንት ይደበዝዛል። ጥፍር ላይ ያለው የሚለቀው ጥፍሩ አድጎ ሲቆረጥ ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፣ ከሥር እስከ ጫፍ ለመለወጥ 6 ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ እና ለጥር ሰርግ የታሰረች ሙሽራ ሰኔ ላይም ጫፉ ላይ ትንሽ ቅላት ልታይ ትችላለች። የትኛው ቶፕ ኮት ይሄን ይችላል?

እኔን የሚገርመኝ ግን ማሰሩ ነው። እጇ የታሰረ ሴት ያን ሌሊት አትላክም። ውኃ አምጪ፣ ሊጡን እይው፣ ሕፃኑን አንሺው አይባልም፤ ምግብ እንኳ የሚያጎርሳት ሌላ ሰው ነው። ቀለሙ የሚፈልገውን ሰዓት ያገኝ የነበረው በዚህ ነው። ዛሬ እኛ የምንቀባው ሁሉም ከተኛ በኋላ ተደብቀን፣ ግማሹ ሳይደርቅ ጡጦ ለማጠብ እየተነሳን ነው፤ ከዚያ ኩቴክሱን እንረግማለን። ውድ ከሆነ ጠርሙስ በፊት የሚያስፈልገው ወንድምም ባልም እራት የተበላበትን ዕቃ የሚያጥብበት አንድ ማታ ነው። «ጥፍሬ አልደረቀም» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። አያሳፍርም። ለቡሄ ዋዜማ ሙልሙል ማቡካት ካለባችሁ ደግሞ ሊጡ ካለቀ በኋላ ተቀቡ እንጂ በፊት አትልፉ።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከእኛ ቀድመው የተረዱት ነገር አለ። ኩቴክስ ለውዱእ፣ ማለት ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት፣ ውኃ ጥፍር ላይ እንዳይደርስ ስለሚጋርድ አስቀድሞ መነሳት አለበት፤ ሂና ግን ሽፋን ስላልሆነ ውኃውን አያግድም። ለእነሱ የትኛው ይቆያል የሚለው ጥያቄ በቀን አምስት ጊዜ መልስ ያገኛል።

ጉርሽጥም ጉድለት አላት። ያለቻት መልክ አንድ ናት፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቢሉ በአስቶን አትነሳም፣ ሌሊት ሙሉ ታስሮ ማደርም ትዕግሥት ይጠይቃል። «ቶሎ የሚያጠቁር ሂና» እየተባለ ከሚሸጠው ግን በጣም ተጠንቀቁ። ንጹሕ ሂና በደቂቃ ጥቁር አይሆንም፤ እንዲያ ካደረገ ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተባለው የፀጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል ተጨምሮበታል ማለት ነው፣ እሱም እጅን አቁስሎ ጠባሳ ሊያስቀር የሚችል ነው። የሚያሳክክ፣ የሚያቃጥል ከሆነ ሳይውል ሳያድር ታጠቡት፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

በእስቴ፣ በጋይንት፣ በስማዳ በኩል ያላችሁ፦ እናንተ ጋ ጉርሽጡን ለብቻው ነው የምትወቅጡት ወይስ የምትጨምሩበት ነገር አለ? አያቴ ለብቻው ትላለች፣ ጎረቤታችን ደግሞ ሎሚ ካልገባበት አይቀላም ብላ ትከራከራታለች። ጓሮው ውስጥ ያላት ሰው ካለ በበጋ ሥሯን ለመትከያ ይያዝልኝ፤ እኔ በኩቴክስ እለውጣለሁ፣ ቶፕ ኮቱን ጨምሬ።