በረሃ የገባው ትምህርት ቤት



ገዳሪፍ ደርሶ የተመለሰ አንድ ወጣት በስልኩ ይዞልን የመጣውን የጃፓን የሥዕል ታሪክ፣ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ፣ በሦስት ሌሊት አንብበን ጨረስን። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እምቢ ስላለን ለእናንተም ልናካፍል ብዕር አነሣን።

ደራሲውም ሠዓሊውም ካዙኦ ኡሜዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በ88 ዓመቱ ዐርፏል። ታሪኩን ከ1972 እስከ 1974 በአንድ የልጆች ሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ አወጣው። ርእሱ ማዕበል እንደ ወሰደው ጀልባ የሚንሳፈፍ የመማሪያ ክፍል ማለት ነው። ሾ የተባለ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት ይወጣል። ምድር ትንቀጠቀጣለች፤ ትምህርት ቤቱ ከነተማሪው፣ ከነአስተማሪው ከቦታው ይጠፋል። ከአጥሩ ማዶ ሲመለከቱ ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ አሸዋ ብቻ። የደረሱበት ሌላ አገር አይደለም፤ የገዛ አገራቸው ነው፤ ሰው ካጠፋው በኋላ ባለው ዘመን።

ሕፃናቱ ይራባሉ፣ በወረርሽኝ ይረግፋሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይገዳደላሉ። ቀድመው የሚጨክኑት ግን ትልልቆቹ ናቸው። የምሳ ዳቦ አመላላሹ ሰውዬ ምግቡን በጉልበት ይይዛል። ልጆቹ የሚያምኑት መምህር ዋካሃራ አእምሮው ተናውጦ ባልደረቦቹን ይገድላል፤ ቀጥሎም በተማሪዎቹ ላይ ይነሣል።

በ1987 ኖቡሂኮ ኦባያሺ ታሪኩን በተዋንያን ፊልም አደረገው፤ ትምህርት ቤቱንም የልዩ ልዩ አገር ልጆች የሚማሩበት የኮቤ ከተማ ትምህርት ቤት አደረገው። ይሁን እንጂ ፊልም ተመልካቹን ሳይጠብቅ ያልፋል። ሥዕሉ ግን ይጠብቃል፤ በጥቁር ቀለም የተሣለው የሕፃን አፍ ገጹን እስክንገልጥ ድረስ እንደተከፈተ ነው።

ታሪኩን ለተማሪዎቻችን በቃል ስንነግር አንዲት እናት ከራኩባው ውጭ ሆነው ሰሙና «መምህር፣ ልጆቹ ያዩት አልበቃ ብሎ ነው?» አሉን። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅም ሕፃን አታስፈራሩ ተብለን ተምረናል። ነገር ግን እኒሁ እናት ማታ ማታ ስለ ጭራቅ ይተርካሉ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የእኛ ጭራቅ ከጫካ ይመጣል፣ የኡሜዙ ጭራቅ ከመምህራን መካከል ይነሣል። እኛንም እንቅልፍ የነሣን ይኸው ነበር።

ባለፈው ክረምት የመፋዛ መንገድ በጭቃ ተይዞ እህል የዘገየበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። የሰልፉን ስም የጻፍነው እኛ መምህራን ነበርን። የራሳችንን ቤት ከላይ አደረግነው። ማንም አላዘዘንም፤ ማንም አልከለከለንም። ማሽላው ሰልፉ ሳያልቅ አለቀ። ከተማሪዎቻችን አንዱ ባዶ ጆንያ አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ሲሄድ አየነው። በማግስቱ መጥቶ ከቦታው ተቀመጠ፤ ቤት ሥራውንም ሠርቶ ነበር።

ታሪኩን ስንጨርስ እጁን ያወጣው ይኸው ልጅ ነው። «ዳቦውን የያዘው ሰውዬ አስተማሪ ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«አይደለም፣ ዳቦ አመላላሽ ነው» ብለን መለስን። መልሱ ትክክል ነበር። ዐይኑን ግን ለማየት አልቻልንም። ስለዚህ የምንጠየቀውን ዛሬ በጽሑፍ እንመልሳለን፤ አዎን፣ አስተማሪዎች ነበርን። በሚመጣው እደላ ዝርዝሩን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይያዙት፤ የእኛም ስም ከታች ይጻፍ።

የሾ እናት ልጇን ሞቷል ብላ አልተወችም። በራሷ ዘመን ቢላዋና መድኃኒት ትደብቃለች፤ እርሱም በሩቁ ዘመን ያገኘዋል። ሳንሰናበታት የወጣንባት እናት እኛም አለችን። ምን ደብቃ እንዳስቀመጠችልን እንጃ። እኛ ግን ለእነዚህ ልጆች የምንደብቀው ፊደል ብቻ ነው፤ እርሱንም በጠገበ ሳይሆን በታመነ እጅ ልንሰጣቸው ይገባል።

ቸር ያሰንብተን።