ስማቸው ያልተጻፈ እጆች

«ዘ ዎኪንግ ዴድ»ን ያያችሁ የሪክን ሽጉጥ ታስታውሳላችሁ። ያቺ አፈሙዟ ረዘም ያለ፣ የምታብለጨልጭ ስድስት ጎራሽ። ስሟ ኮልት ፓይተን ነው፤ ፓይተን ማለት ዘንዶ። ፊልሙ ላይ ዞምቢ ስትጥል ብናያትም መጀመሪያ የታሰበችው ለኢላማ ተኳሾች ነበር።

መሣሪያ ወዳድ አይደለሁም። ጥይት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ግን የዚች ሽጉጥ ታሪክ የሙያ ታሪክ ስለሆነ ላውራላችሁ።

የኮልት ፋብሪካ አሜሪካ፣ ኮነቲከት ውስጥ ነው። ፓይተንን ያወጣት እ.ኤ.አ. በ1955 ነበር። ለኢላማ ተኳሽ ትልቁ ነገር ቃታው ነው። ቃታው መሀል ላይ ከተንገጫገጨ እጅ ይነቃነቃል፤ እጅ ለጥቂት ከተነቃነቀ ደግሞ ጥይቱ ሌላ ቦታ ነው የሚያርፈው። የፓይተን ቃታ ግን ቅቤ ነው ይባላል። እስከ መጨረሻው ሲሳብ ጥይት የያዘው ከበሮ ጥርቅም ብሎ ይቆለፋል፤ ወለም ዘለም የለም።

ይሄ በማሽን ብቻ የመጣ አይደለም። ክፍሎቹ ከማሽን ከወጡ በኋላ ባለሙያ ቁጭ ብሎ በሞረድ ትንሽ ይፍቃል፣ ይገጥማል፣ ቃታውን ይስባል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ይፍቃል። ብረቱም እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለወላል፤ ያ የታወቀው ጥልቅ ሰማያዊ መልኳ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ1986 ሠራተኞቹ አድማ መቱ። አድማው አራት ዓመት ፈጀ! በ1992 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ። የእጅ ሥራ ደግሞ ውድ ነው። በ2005 ፓይተን መመረቷ ቀረ፤ የድሮዎቹ ዋጋም በሰብሳቢዎች ዘንድ ጣራ ነካ። በ2020 እንደገና ወጣች፤ አሁን ግን ክፍሎቹን አስተካክሎ የሚቆርጠው በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ስለሆነ እንደ ድሮው በሞረድ መድከም ብዙም አያስፈልግም። መጥፎ ሽጉጥ አይደለችም። ሰብሳቢው ግን አሁንም የድሮዋን ይፈልጋል።

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፦ ሽጉጧ ላይ ያለው ስም የኮልት ነው። ሳሙኤል ኮልት ግን የሞተው በ1862 ነው፤ ፓይተን ከመውጣቷ 93 ዓመት በፊት! ቁጭ ብለው የሞረዱት ሰዎች ስም የትም የለም። ሰብሳቢው ያን ሁሉ ዶላር የሚከፍለው ግን ለእነሱ እጅ ነው።

ዲፕሎማዬን ስማር አንድ የወርክሾፕ መምህር ነበሩን። የሞረድ አያያዝ ያሳዩን እጃችንን በእጃቸው ይዘው ነው። «ብረቱ ራሱ ይነግርሃል፣ አትቸኩል» ይሉን ነበር። ደብተሬ ላይ ከእሳቸው የቀረ ነገር ትንሽ ነው፤ እጄ ላይ ግን አለ። ጡረታ ሲወጡ የተካቸው ሰው አልነበረም። ሞረዶቹ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፉ። መጽሐፍ ቢጠፋ ይታተማል፤ እንዲህ ያለው እውቀት ግን ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ በቃ፣ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

ተማሪዎቼ፣ ጋራዥም ብየዳም ልብስ ስፌትም የገባችሁ፦ አጠገባችሁ ያሉትን አንጋፋ ባለሙያ ዛሬውኑ ጠይቁ፣ እዩ፣ ሞክሩ። ሌሎቻችሁም እጃችሁን ይዞ ሥራ ያሳያችሁ ሰው አይጠፋም። በሕይወት ካሉ ደውሉላቸው። ስማቸውንም ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ቢያንስ እዚህ ይጻፍ።