አያቱ የቆሙበት ስፍራ

ልጆች የአገራቸውን ነገር ባያውቁ፣ ከመቆጣታችን አስቀድሞ ማን ያላስተማራቸው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል። ይህን የተማርነው ከገዛ ልጃችን ነው።

ልጃችን ያለ ደመወዝ፣ በፈቃዳቸው ተሰብስበው ቴአትር ከሚያሳዩ ወጣቶች ጋራ ማኅበርተኛ ነው። አንድ ማታ ከራት በኋላ እንዲህ አለን፤ «አባባ፣ በእንግሊዝ አገር ዮርክ በምትባል ከተማ በመካከለኛው ዘመን የእጅ ሠሪዎች ማኅበር ሁሉ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በጎዳና ላይ በቴአትር ያሳይ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1569 ቢቋረጥ፣ በ1951 አብዛኞቹ ተጫዋቾች የከተማው ሰዎች ሆነው እንደ ገና አስነሡት። የእኛ አገር ቴአትር ግን ከበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ‹ፋቡላ› ይዠምራልና፣ ከዚያ በፊት የምናስነሣው ምንም የለንም።»

ይህን በሰማን ጊዜ አፈርን። በፃግብጂ ይኖሩ የነበሩት እናታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ልጁን ለገና ላሊበላ ልውሰደው» እያሉ በየዓመቱ ሲልኩብን፣ እኛ የመሥሪያ ቤት ሥራ በዛብን እያልን ስናዘገይ ዐረፉ።

በተከታዩ ታኅሣሥ ልጃችንን ይዘን ወጣን። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የጌታችን ልደትና የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድነት በሚከበርበት ዕለት፣ ከቤተ ማርያም ደረስን። ካህናቱ እኩሌቶቹ ቤተ ክርስቲያኒቱን በከበባት ዐለት አፋፍ ላይ፣ እኩሌቶቹም ከታች በግቢዋ ተሰልፈዋል። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን ዝማሬ እነዚያ ሲያነሡ እነዚህ ይቀበላሉ፤ ከበሮው ይመታል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል።

ልጃችን ብዙ ዝም ብሎ ቆየና፣ «አባባ፣ ይህ ቴአትር ነው እንዴ?» አለን። ልንቆጣው ቃጣንና ተውነው።

«ጸሎት ነው እንጂ ቴአትር አይደለም» አልነው። «በቴአትር የሚያሳየውና የሚያየው ይለያያሉ። በዚህ ግን ከታች የቆመ ሁሉ የሰውን ልጅ ቦታ ይዟልና፣ አንተም ተመልካች አይደለህም።»

«እንግዲያውስ አያቴ ወዴት ይቆሙ ነበር?»

በልጅነታችን ነጠላቸውን ይዘን የቆምንበትን፣ ከዐለቱ ግድግዳ ሥር ያለውን ስፍራ አሳየነው። ሄዶ ቆመበት። ያን ስፍራ ሊያሳዩት የሚገባቸው እርሳቸው ነበሩ።

ወላጆች ሆይ፣ የዮርክ ሰዎች 382 ዓመት የተቋረጠባቸውን በብዙ ድካም መለሱ። የእኛ በስፍራው አልተቋረጠም፤ በየቤታችን ግን፣ «ለከርሞ ይደርሳል» ባልን ቍጥር ይቋረጣል።