ምክሬን ይዤ ወደ አምቦ

ታናሽ ወንድሜ «እትዬ፣ አንቺን ትሰማለችና ሄደሽ ምከሪልኝ» ስላለኝ ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ወደ አምቦ ተሳፈርኩ። ልጁ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ናት፤ ሦስተኛ ዓመት። ትምህርቴን ትቼ ልቦለድ እጽፋለሁ ብላ አባቷን እንቅልፍ ነስታዋለች።

ሆለታንና አዲስ ዓለምን እያንጎላጀሁ አለፍኳቸው። ኦሎንኮሚ ስንደርስ ነቃሁ። የማሽላው ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት እዚህ ነው። በልጅነታቸው እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘው፣ ሳምንቱን ተምረው፣ ዓርብ ወደ እናታቸው ይመለሱ ነበር። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አፍልቀው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ‹‹ሳይንስን የሙጥኝ ያለ እንዲህ ነው እላታለሁ›› ብዬ ምክሬን አሰናዳሁ።

አምቦ ስገባ ምክሬ ፈረሰብኝ። እዚያው አጠገብ ያለችው ቦዳ የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የትውልድ መንደር ናት። እሳቸው ቺካጎ ድረስ ሄደው ሕግ ቢማሩም ዕድሜያቸውን የሰጡት ለግጥምና ለቴአትር ነው። ያኔ መካሪ አክስት ተልካባቸው ቢሆን ኖሮ!

ከ90 ዓመት በላይ ሲታሸግ የኖረውን የአምቦ ውኃ ከፍተን ተቀመጥን። ልጅቱም ተዘጋጅታ ነው የጠበቀችኝ። አላስቴር ሬይኖልድስ የሚባል የዌልስ ተወላጅ፣ የሥነ ፈለክ ዶክተር፣ ኔዘርላንድስ በሚገኘው የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ማዕከል ሲሠራ ቆይቶ የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊ ሆኗል አለችኝ። ነርስ ነኝና የሕመምተኛ ታሪክ እንደምቀበል ጠየቅኳት።

«ሥራውን የተወው መቼ ነው?»

«በፈረንጅ 2004።»

«የመጀመሪያው ልቦለዱስ የወጣው?»

«በ2000» አለች፤ ድምጿ ዝቅ አለ። አጫጭር ታሪኮቹማ ከዚያ አሥር ዓመት ቀድመው መታተም ጀምረዋል። ለካ ሰውየው ደመወዙን እየበላ ነው የጻፈው።

በዚህ ማብቃት እችል ነበር። ግን ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። በሌሊት ተረኝነት፣ ዋርዱ ጸጥ ሲል፣ የጀመርኩት ደብተር አለኝ። ጡረታ ስወጣ እቀጥለዋለሁ ያልኩት። ይኸው ከወጣሁ አምስት ዓመቴ፤ አሁንም አራት ገጽ ነው።

ዝም ብላ አየችኝና የራሷን ደብተር አውጥታ አነበበችልኝ። የወንጪ ሐይቅ አንድ ሌሊት ውኃው ሁሉ ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ ጀልባው ላይ የቀረ ሽማግሌ ታሪክ ነው። ሽማግሌው መቅዘፉን አልተወም። ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ትምህርቷን ልትጨርስ ተስማማች። እኔን ደግሞ ለፋሲካ አሥር ገጽ ጽፌ እንድመጣ አስማለችኝ። ለወንድሜ የነገርኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።