ጣታችን የሚያልፈው ዜና

የዶርምን ማታ ታውቁታላችሁ። ጥናት ሲያበቃ ሁሉም ስልኩን ይከፍታል። መጀመሪያ የአርሰናል ጎል፣ ቀጥሎ ቀልድ፣ ቀጥሎ ጦርነት፤ ሁሉም በአንድ ጣት ያልፋል። መዝናናት ክፉ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲማር የዋለ ሰው ኳስ ቢያይ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቢስቅ ደግ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ የሰው መከራ ከመቼ ጀምሮ የመዝናኛችን ክፍል ሆነ?

ሱዳንን አስቡ። ካርቱም ላይ ተኩስ የተከፈተው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። እኛ በፋሲካ ዋዜማ ሽር ጉድ ስንል፣ እዚያ ብዙዎች ረመዳንን እየጾሙ ነበር። የካርቱም ተማሪዎችም እንደ እኛ ክፍልና ፈተና ነበራቸው፤ ትምህርታቸው ተቋረጠ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው አገራችን የገቡም አሉ። ሩቅ የመሰለን ዜና ጎረቤታችን ነው።

እኔ አንድ ልማድ ይዣለሁ፤ እናንተም ብትሞክሩት እወዳለሁ። በሳምንት አንድ ዜና እመርጣለሁ። ቦታውን በካርታ እፈልጋለሁ፤ ጠቡ ከምን እንደተነሣ አነባለሁ፤ በኅብረታችን የጸሎት ሰዓት ከተማውን በስሙ እጠራለሁ። “ለዓለም ሰላም” ብሎ መጸለይና “ለኦምዱርማን እናቶች” ብሎ መጸለይ ለእኔ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ፊት አለው።

ኳሱን እዩ፤ ሳቁ፤ ተጫወቱ። የሰው ለቅሶ ሲመጣ ግን ጣታችሁን ጥቂት አቁሙት።