ዲኤክስ ወይስ የ90 ሞዴል? የአምበሩ ሰው ምርጫ

አምበር መኪና ሲያልፍ የሚታይባት እንጂ መኪና የሚገዛባት ከተማ አይደለችም። የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ በደጀን አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው አስፋልት ያልፍባታል። ጤፍ የጫነ አይሱዙ፣ ሰው የጫነ ሚኒባስ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር። የራሱ አውቶሞቢል ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል።

ስለዚህ አንድ የ34 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ "መኪና ልገዛ ነው" ያለ ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ አማካሪ ሆነ። ቡና የጠጣ ሁሉ ሐሳብ ሰጠ። መንጃ ፈቃድ የሌላቸው ይበልጥ ሰጡ።

ገንዘቡ የእሱ ብቻ አይደለም። አባቱ ከመሞታቸው በፊት የተከሉት ባሕር ዛፍ ተሸጧል። እቁብ አለበት። እህቱ ከአረብ አገር የላከችው አለበት። ነገሩም የቅንጦት አይደለም። እናቱ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሳቱ፤ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስድ መኪና ቶሎ አልተገኘም። ስኳር ውሃ በከንፈራቸው እያስነካ አስፋልት ዳር ቆሞ ለመጣው ሁሉ እጁን ሲያውለበልብ፣ በመጨረሻ አንድ አይሱዙ ቆመለት። ሹፌሩ ረዳቱን ጆንያው ላይ አስወጥቶ ጋቢናውን ለቀቀላቸው። እናቱ ተረፉ። እሱ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ የመኪና ነገር ከአፉ አልወጣም።

ሁለት መኪና ቀረበለት፤ ሁለቱም ቶዮታ ኮሮላ፣ ሁለቱም አሮጌ። አንዱ ደብረ ማርቆስ ያለ ነጭ ዲኤክስ ነው፤ የጡረተኛ መምህር ንብረት። ሌላው ደላሎች "የ90 ሞዴል" የሚሉት፣ አዲስ አበባ ያለ፣ በቴሌግራም ፎቶው የመጣ ግራጫ መኪና። የሁለቱም ዋጋ ግማሽ ሚሊዮን ብርን የተሻገረ፣ ልዩነታቸውም የሚያንገበግብ አልነበረም። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው መኪና ከ30 ዓመት በላይ ከሆነው ጋር በዋጋ ትከሻ ለትከሻ የሚለካካው እንግዲህ እኛ አገር ነው።

ይህ ለምን እንደሆነ ለዚህ ቻናል ተከታታይ ብዙ ማብራራት አያሻም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲጨምር አደረገ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከውጭ አዲስ የማይመጣ ነገር፣ ከውስጥ ያለው ቢያረጅም ይወደዳል። አዲስ አበባ ያለው አማቹ "ኤሌክትሪክ ግዛ እንጂ" ብሎት ነበር፤ ከአዲስ አበባ እስከ አምበር ባለው መንገድ የት ቻርጅ እንደሚያደርግ ሲጠይቀው ግን ወሬውን ወደ እግር ኳስ አዞረ።

ወደ ዲኤክሱ እንመለስ፤ የልቡ እሱ ነበርና።

ዲኤክስ የመኪናው ስም አይደለም። ቶዮታ የኮሮላን አራተኛ ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሲያወጣ ከኋላው የለጠፈው ሁለት ፊደል "ዴሉክስ" ለማለት ነው፤ የደረጃ ምልክት። በሌላው ዓለም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ምልክት እኛ ዘንድ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የተሠራው በእኛ አቆጣጠር ከ1971 እስከ 1975 ገደማ ነው፤ የደርግ ዘመን ልጅ ነው። ብዙዎቹ የተሸከሙት ፎር ኬ የሚባለውን 1290 ሲሲ ሞተር ነው፤ ቫልቮቹን በረጅም ዘንግ የሚገፋ፣ በካቴና የሚዞር፣ ኮፈኑን ሲከፍቱት ጎንና ጎኑ መሬት እስኪታይ ድረስ ሰፊ ቦታ ያለው። እጅ የማይገባበት ጥግ የለም። መካኒክ የሚወደው ለዚህ ነው።

ወጣቱ የሚወደው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ዲኤክስ የሚነዳው በኋላ ጎማው ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1983 አምስተኛውን ትውልድ ሲያወጣ የቤተሰብ ኮሮላውን ወደ ፊት ጎማ አዛወረው፤ ባለ ስፖርቱን፣ ኤኢ 86 የሚባለውን ግን በኋላ ጎማው እንዲቀጥል ተወው። ጃፓኖች በቁጥራቸው "ሃቺሮኩ" ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1995 መታተም የጀመረው "ኢኒሻል ዲ" የተባለ የሥዕል ታሪክ፣ ኋላም ፊልሙ፣ ይህን መኪና በተራራ ጠመዝማዛ ላይ ጅራቱን እያንሸራተተ የሚሄድ የዓለም ዝነኛ አደረገው። እኛ ዘንድ ኤኢ 86 እንደ ልብ አይገኝም። ዲኤክስ ግን አለ፤ አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ልንለው እንችላለን። የአዲስ አበባ ልጆች ዝቅ አድርገው፣ ቸርኬውን ቀይረው፣ ማርሚታውን አስጩኸው፣ ቀለሙን እንደ መስታወት አስወልውለው ሲነዱት የስፖርት መኪናችን ሆኖ ቁጭ ይላል። ፌራሪ ያላየ አገር የራሱን ፌራሪ ከጡረተኛ መምህራን ግቢ አወጣ።

ሰውየውም ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ያንን ነጭ ዲኤክስ በየቀኑ ያየው ነበር። መምህሩ እሑድ እሑድ አጥበው ጥላ ሥር ያቆሙታል። ልጆቹ በመስኮቱ የፍጥነት መቁጠሪያውን እያዩ "ስንት ይሄዳል?" እያሉ ይከራከሩ ነበር። ከ18 ዓመት በኋላ ሊያየው ሲሄድ መምህሩ ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱለት።

"ጋሼ፣ ለምን ይሸጡታል?"

"ዓይኔ ነዋ ልጄ። መኪናው ያያል፣ እኔ አላይም።"

ሞክረው ብለው ቁልፉን ሰጡት። ያን ዕለት ሊገዛው ትንሽ ቀርቶት ነበር። መሪው በእጁ ውስጥ ሕይወት አለው። ማርሹ ሲገባ ድምፁ ይሰማል። ከኋላ ሲገፋህ መኪናው አብሮህ እንደሚያስብ ይሰማሃል፤ ይህን ስሜት የፊት ጎማ መኪና አይሰጥም፣ ይህንን መካድ አይገባም።

ችግሩ የመጣው ከጋራዡ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ መካኒክ ሁለቱን ሞዴሎች እያነጻጸረ ሲያስረዳው ግማሹ ጣሊያንኛ ነበር፤ ካቴና፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ከጋራዥ አልወጣም። ከዚህ ሁሉ መሀል ሰውየውን ያሳሰበው የአየሩ ነገር ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አምበርም የዚያው ደጋ ልጅ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ካለው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። የዲኤክሱ ፎር ኬ በአዲስነቱ 60 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ሩቡን ስትቀንስ 45። ከዚያ ላይ የ40 ዓመት ድካም ቀንስ። ካርቡሬተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ያፈሳል፣ ሞተሩ ሳያቃጥለው በጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቤንዚን ማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር በእጥፍ ለሚገዛ ሰው ይህ የፊዚክስ ጥያቄ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ጭቃው ነው። የአነደድ ገጠር መሬት ብዙው ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ሳሙና ይሆናል። የእናቱ ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። በቀላል የኋላ ክፍል፣ በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና እዚያ ላይ ጅራቱ ወደ ጎን ይሄዳል። የአዲስ አበባ ልጆች ገንዘብ አውጥተው የሚፈልጉትን መንሸራተት የአምበር ሐምሌ በነጻ ይሰጣል፤ ልዩነቱ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት የታመሙ እናት መሆናቸው ነው። የ90 ሞዴሉ ሞተሩ ፊት ላይ ነው፣ የሚጎትተውም በፊት ጎማው ነው፤ ክብደቱ በሚነዳው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ጭቃውን እየነከሰ ይወጣል። እርግጥ ሰው ሞልቶ ልቅ ጠጠር ባለበት ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ የፊቱ ጎማ ይቀልልና ባዶ ይሽከረከራል፣ ዲኤክሱ ግን ይገፋል። የባለቤቱ ወላጆች ቢቸና ናቸው፤ ከደጀን በቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ ደግሞ ለብዙ ዓመት ጠጠር ነበር። "ቢቸናን በዓመት ስንቴ ትሄዳለህ? እናትህ ቤትስ?" አለው መካኒኩ። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ መልሱ አልከበደውም።

ስለ ኤር ባግ አይነሣ፤ ሁለቱም የላቸውም።

የ90 ሞዴሉን ሊያይ መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ቀን ጠብቆ አዲስ አበባ ወረደ። ደላላው "ሙሉ ኢንጀክሽን ነው ወንድሜ፣ ዶክተር የነዳው ነው" አለ። የሚሸጥ መኪና ሁሉ ዶክተር የነዳው ነው፤ ዶክተሮቻችን እንዴት ያን ያህል መኪና እንደሚቀያይሩ አይታወቅም። ሰውየው ኮፈኑን አስከፈተ። ሞተሩ አናት ላይ ክብ የአየር ማጣሪያ ተቀምጧል፤ ሲነሣ ከሥሩ ካርቡሬተር። ኢንጀክሽን የለም። ይህ የኮሮላ ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ስድስተኛው፣ በሁለቱም ዓይነት ተሠርቷል፤ ይህኛው ቱ ኢ የሚባለው 1295 ሲሲ ባለ ካርቡሬተር ነው። ደላላው ምንም አላፈረም፤ "ካርቡሬተር ለገጠር ይሻላል" ብሎ ወዲያው አሻሻጡን ቀየረ። የሚያበሳጨው እውነትነት ያለው መሆኑ ነው። ኢንጀክሽኑ ሲበላሽ ኮምፒውተር የሚያነብለት መፈለግ አለበት፤ ካርቡሬተርን ግን ደብረ ማርቆስ ያለ ልጅ ሁሉ በቤንዚን አጥቦ ይገጥመዋል።

ሆኖም ከፍታው ላይ የጠበቀው ጥቅም በአንድ ደቂቃ ተነነ። የቀረው 70 ገደማ ፈረስ ጉልበት፣ በደጋው ሲቀነስ 50 ቢሆን ነው። ከዲኤክሱ ይሻላል፤ ግን ተአምር አይደለም።

ከኪሱ ማግኔት አወጣ። ይህን መካኒኩ ነው ያስያዘው። በሮቹን፣ የጎማ ቤቶቹን፣ ወለሉን እያስነካ ዞረ። ብረት ያለበት ይይዛል፣ ስቱኮ የተሞላበት አይይዝም። በስተግራ የኋላ በሩ ሥር ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ። ሌላው ጤነኛ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያየ፣ የሞተሩንም። ገጠሙ። እዚህ ላይ ነው ነጩ ዲኤክስ በመጨረሻ የወደቀው፤ መምህሩ ሞተር ያስቀየሩት ከ12 ዓመት በፊት ነው፣ በሊብሬው ላይ ግን አሁንም የድሮው ቁጥር ነው ያለው። ክፋት የለበትም፣ ቸልታ ነው። ግን ስም ለማዛወር የሚከፈለው ምልልስ ያስፈራል።

በተሳሳተው ኢንጀክሽንና በተለጠፈው በር ዋጋውን አስቀንሶ ገዛ። በተረፈው ሶማሌ ተራ ሄዶ ቺንጋውን አስቀየረ። የዲኤክሱ ካቴና ሲያረጅ ይንጫጫል፣ ያስጠነቅቃል፤ ቺንጋ ግን ሳይናገር ይበጠሳል፣ መኪናውም ባለበት ይቆማል። ሌሊት ከአምበር ውጭ ባለበት የሚቆም መኪና ከገዛ ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ በከንቱ ተቆረጠ።

በማግስቱ ጎሐ ጽዮን ላይ ቆሞ ፍሬኑን ሞከረ። ከዚያ ወደ ዓባይ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ፣ ፍሬኑን እያሳረፈ፣ ከኋላው የሚነፋበትን ሁሉ እያሳለፈ ወረደ። ህዳሴ ድልድይን ሲሻገር ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነበር። ወደ ደጀን ሲወጣ ዓይኑ ከሙቀት መለኪያው አልተነሣም፤ መርፌው ከግማሽ አልፎ ቆመ፣ አልፈላም። ሁለት መኪኖች ዳር ይዘው ኮፈናቸውን ከፍተው ውሃ ሲጠብቁ አለፋቸው። አንዱ ዲኤክስ ነበር። ቢቆምላቸው ደግ ነበር፤ አልቆመም፣ መኪናው ዳገት ላይ መልሶ ይነሣልኛል ብሎ ስላላመነ።

አምበር ሲገባ መሽቶ ነበር። እናቱ በባትሪ መብራት መኪናውን ዞረው አዩት። ቀይ አለመሆኑ ብቻ አስደሰታቸው።

"ያ የመምህሩ ነጩስ?"

"እሱን ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ልጅ ገዛው እማ። ዝቅ ሊያደርገው ነው አሉ።"

"ከዚህም በላይ ዝቅ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ከኋላ ወንበር ላይ የተጣለውን የተሰነጣጠቀ አሮጌ ቺንጋ አነሡና ሳብ ሳብ አድርገው ጥንካሬውን ሞከሩት። ለጥጃው ማሰሪያ ይሆናል ብለው ይዘውት ገቡ።